አራውዝ ስል ለምን ተሳቀብኝ?

ይህን የኦንላይን ውይይት ክር የከፈተው የጎንደር አስጎብኚ ነው። ቀን ፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያሳያቸውን እንግዶች፣ ማታ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ አዝማሪ ቤት ይዟቸው ገባ። መሰንቆው ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚጠብቃቸው ሊነግራቸው ፈለገ። ያሰበው በአማርኛ ነው፤ አዝማሪው ይቀሰቅሳችኋል ሊል። ስልኩ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ቀሰቀሰ ለሚለው በእንግሊዝኛ አራውዝ (arouse) ይላል። እሱም አዝማሪው ሁላችሁንም አራውዝ ያደርጋችኋል አላቸው። አንዷ ሴትዮ ብርሌዋን አፏ ላይ እንዳደረገች ትን አላት። ባሏ አዝማሪውን ከእግር እስከ ራሱ ገረመመው። ከዚያ ሁሉም ሳቅ በሳቅ ሆኑ።

አስጎብኚው የጠየቀው ምን አጠፋሁ ብሎ ነው። ቃሉ ልክ ካልሆነ የቱን ልበል? በትሕትና ነው የጻፈው፤ የሚያውቁ ወንድም እኅቶች ይርዱኝ ብሎ። የመጣው መልስ ግን ከጥያቄው አልፎ ብዙ ቦታ ዞረ። እኔ ከዳር ሆኜ ነው ያነበብኩት። በመጣበት ቅደም ተከተል አወራዋለሁ፤ ፍሬ የሌለውን እየዘለልኩ።

መልስ 1 ለአስጎብኚው ጥብቅና ቆመ። መዝገበ ቃላቱ አልተሳሳተም አለ። የእንግሊዝኛ ዜና የሚያነብ ሰው ይህን ግስ በየቀኑ ያገኘዋል። የአንድ ባለሥልጣን ሀብት ጥርጣሬ ሲቀሰቅስ አራውዝ ነው፣ አንድ ግኝት ጉጉት ሲቀሰቅስም አራውዝ ነው። ፈረንጆቹ ምን እንዳሳቃቸው እንጃ ብሎ ጨረሰ።

መልስ 2 ዙሪያ ጥምጥም ሄደች። ቃሉ ባልና ሚስት መኝታ ቤት ውስጥ ስለሚሰማቸው ስሜት የሚነገር ነው ብላ፣ ከዚህ በላይ አስረጂ እንዳትባል ለመነች። ማስረዳትም አላስፈለጋትም። ከ3 እስከ 6 ያሉት መልሶች ሳቅ ብቻ ናቸው። አንዱ የአዝማሪውን አድራሻ ጠየቀ። ሌላው ሚስቱን ይዞ ለመምጣት ስንት እንደሚከፈል ማወቅ ፈለገ።

መልስ 7 ሳቁን አልወደደውም። 2ኛዋን ተራ ቃል አባልጋለች ብሎ ወረፋት። ጥርጣሬ አራውዝ ማድረግ የተከበረ አነጋገር ከሆነ፣ ያው ቃል እንዴት አፍ ላይ የማይወጣ ይሆናል? ክርክሩ እዚህ ላይ ሁለት ጎራ ሊለይ ነበር።

መልስ 8 ላይ አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ገባች። ክሩን ያዳነችው እሷ ናት ብል አላጋነንኩም። 1ኛውም 2ኛዋም ልክ ናቸው አለች። ቁም ነገሩ ያለው ከግሱ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው። ከአራውዝ ቀጥሎ የስሜቱ ስም ከመጣ ንጹሕ ነው፤ ጥርጣሬ፣ ጉጉት፣ ቁጣ፣ ርኅራኄ፣ ተቃውሞ። እንዲህ ሲባል ማንም አይስቅም። ሰው ብቻውን ሲመጣ ግን ስሜቱ ሳይጠራ ይቀራል። አድማጩ ያን ክፍት ቦታ ራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላውም 2ኛዋ በተናገረችው ነው። አንድ ሰው አራውዝድ ሆኗል ከተባለማ ስለ ወኔ የሚያስብ የለም። ከእንቅልፉ ተብሎ ከተጨመረበት ያው ሰውዬ ነቃ ማለት ብቻ ይሆናል፣ ግን እሱም የመጽሐፍ አነጋገር ነው።

ቀጥላ ስህተቱ ከየት እንደመጣ አሳየች። እኔ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። እኛ ቀሰቀሰን ብዙ ሥራ እናሠራዋለን። እናት ልጇን ለትምህርት ቤት ትቀሰቅሳለች። ወሬ ጥርጣሬ ይቀሰቅሳል። ምርጫ ሲደርስ ሞንታርቦ የጫነ መኪና ሕዝብ ይቀሰቅሳል። እንግሊዝኛ እነዚህን ለሦስት የተለያዩ ግሶች አከፋፍሏቸዋል፤ የመጀመሪያው ዌክ ነው፣ ሁለተኛው አራውዝ፣ ሦስተኛው ካምፔን። አስጎብኚው ይቀሰቅሳችኋል ሲል ጉዱን ያፈላችው መጨረሻ ላይ ያለችው «አችሁ» ናት። እንግዶቹን ራሳቸውን ከግሱ ፊት ወስዳ አቆመቻቸው። መዝገበ ቃላት ደግሞ ቃሉን እንጂ ከማን ጋር እንደሚውል አይናገርም።

አስጎብኚው በመልስ 9 አመስግኖ ተመለሰ። እንግዲያው ወኔያችሁን አራውዝ ያደርጋል ብል ይሆናል? አለ። ሰዋስዉ ልክ ነው። ችግሩን ያነሳው መልስ 10 ነው፤ ውጭ አገር ብዙ ዓመት የኖረ ሰው። አነጋገሩ ኮራ ያለ ነው፣ ግን ያወቀውን አልደበቀም። ቃሉ የጽሑፍ ነው አለ። ጠጅ ቤት ቁጭ ብሎ ወኔያችሁን አራውዝ ያደርጋል የሚል እንግሊዛዊ የለም። ሰው በአፉ የሚለው ቀለል ያለ ነው፤ ያስነሳችኋል፣ ያነቃንቃችኋል፣ ዝም ብላችሁ አያስቀምጣችሁም። ስተር የሚለውን ግስ ጠቆመ። ሻይ ሲማሰልም፣ ልብ ሲነካም የሚያገለግል ነው። ሰው ፊቱ ቢቆምም አያሳፍርም።

መምህርቷ በመልስ 11 ግማሹን ተቀበለች። ስተር ጥሩ ነው፣ ግን ለዘፈንና ለሕዝብ ከሆነ ራውዝ አለ አለች። ራውዝ የአራውዝ ታላቅ ወንድም ነው። አራውዝ የወጣው ከእሱ ነው፣ መነሳት ማለት ከሆነው ራይዝ አጠገብ አራይዝ እንዳለው ሁሉ። ራውዝ ከአደን ሜዳ የመጣ ቃል ነው፤ አውሬውን ከተደበቀበት ማስነሳት። ያ መነሻው አልለቀቀውም። ራውዝ የሚደረግ ሰው ተኝቶ ወይም ደንዝዞ ነበር፣ አሁን ሊነሳ ነው። ሕዝብን በንግግር ማስነሳት ራውዝ ነው። ሰው የሚያስነሳ ዘፈን ራውዚንግ ይባላል፣ ምስጋና ነው። ከአራውዝ ተመሳሳይ ቅጽል አውጥቶ ዘፈኑ ላይ ለሚለጥፍ ግን እግዜር ይሁነው።

መልስ 12 የፋሲል ከነማ ደጋፊ ነው፣ ምሳሌ ይዞ መጣ። ጨዋታው ሲቀዘቅዝ አስጨፋሪው ከበሮውን ይዞ ይነሳል፣ ተቀምጦ የነበረው ደጋፊ በሙሉ ይቆማል። ይህ ራውዝ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ነው። ከዚያ ስለ 2013ቱ ዋንጫ ሁለት አንቀጽ ጨመረ፣ ማንም አልጠየቀውም።

መልስ 13 ነርስ ናት። እሷ ያመጣችው ታሪክ አስጎብኚውን አጽናንቶታል ብዬ እገምታለሁ። ሐኪሞች ስለ በሽተኛ ንቃት ሲጽፉ ይህንኑ ግስ ይጠቀማሉ። በሽተኛው ደንዝዟል፣ ግን ሲጠሩት ወይም ሲነካኩት ይነቃል ለማለት አራውዘብል ብለው ካርዱ ላይ ያሰፍራሉ። አንድ ቀን የአንድ አዛውንት ልጅ ካርዱን አልጋው ግርጌ አገኘና አነበበው። ልጁ እንግሊዝኛውን የተማረው ከፊልም ነው። ካርዱን በእጁ ይዞ ነርሶቹ ክፍል ድረስ መጣ። የ80 ዓመት አባቴን እንዲህ ብሎ የጻፈው ማነው ብሎ ጮኸ። ነገሩን ያበረደችው ተረኛዋ ሐኪም ናት። ወደ አልጋው ወሰደችው፣ አባትየውን በስማቸው ጠራቻቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። አራውዘብል ማለት ይኸው ነው አለችው።

ነርሷ በዚያው የንቃት ልኬት እንዴት እንደሚሠራ አስረዳች። በ1974 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ የወጣው መለኪያ ሦስት ነገር ያያል፤ ዓይን መግለጥ፣ መናገርና መንቀሳቀስ። ሙሉ ንቃት 15 ነው፣ ዝቅተኛው 3። ዜሮ የሚባል የለም። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ 3 ሲባል ከባዶ የተሻለ መስሎት እንደሚጽናና ጻፈች። ከቃሉ ጋር ባይገናኝም ደግ አደረገች።

መልስ 14 የሥነ ልቦና ተማሪ ነው። በነሱ ትምህርት ደግሞ አራውዛል ማለት የሰውነትና የአእምሮ መነቃቃት መጠን ነው፣ ስሜቱ ምንም ይሁን ምን። ዬርክስና ዶድሰን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1908 እ.ኤ.አ. አይጦችን በኤሌክትሪክ ንዝረት እየነካኩ ምርጫ አስተማሯቸው። ሥራው ከባድ ሲሆን፣ ንዝረቱ በጣም ሲደክምም በጣም ሲበረታም አይጦቹ ቶሎ አልተማሩም፤ መካከለኛው በለጠ። ተማሪው ከዚህ ተነስቶ ከፈተና በፊት ቡና ማብዛት እንደማይጠቅም ሰበከ። መልስ 15 አዝማሪውና አይጡን ምን አገናኛቸው ብሎ አስቆመው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጻፈው፣ ግን ቃናው ከዚህ በኋላ ተለወጠ።

መልስ 16 የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ የሚያርም ሰው ነው፣ ድካሙ ከአጻጻፉ ይታያል። እናንተ ስለ መኝታ ቤት ትስቃላችሁ፣ እኔ ግን ይህ ግስ የሚያስለቅሰኝ በሌላ በኩል ነው አለ። ተማሪዎች ችግር ተፈጠረ ለማለት ችግሩ አራውዝድ ብለው ይጽፋሉ። የፈለጉት አሮዝ ነው፣ የአራይዝ ያለፈው ጊዜ። አራይዝ ተሳቢ አይፈልግም፤ ችግር በራሱ ይነሳል፣ ጥያቄ በራሱ ይነሳል። አራውዝ ግን የሚያስነሳም የሚነሳም ይፈልጋል። አማርኛው ተነሳ እና አስነሳ ብሎ በግልጽ የለየውን፣ እንግሊዝኛው በአንዲት አናባቢ ነው የለየው። ጆሮ ካልለመደ ኦ እና አው ይምታታሉ። በሁለት ሰፈሮች መካከል ግጭት አራውዝድ የሚል ገጽ ሲያጋጥመው እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወጣ እንደሚል ጻፈ። የጎንደርም የባሕር ዳርም ልጅ ይህን ይሳሳታል፣ እኔም ብዙ አይቻለሁ። መልሱ ራሱን የቻለ ክር ይገባው ነበር። ማንም ግን አልተከተለውም፣ ምክንያቱም መልስ 17 መጣ።

መልስ 17 ክፉ ነበር። እንግሊዝኛ የማይችል ሰው ለምን ያስጎበኛል፣ አገር ያዋርዳል አለ። ሰላምታም አላስቀደመ። መልስ 18 እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ተነሳች። ፈረንጅ አመሰግናለሁ የሚለውን አጣሞ ሲል ይጨበጨብለታል፣ እንጀራ በላሁ ለማለት ሌላ ነገር ቢል ጎበዝ ይባላል። የኛ ልጅ በሦስተኛ ቋንቋው አንድ ቃል ሲስት አገር ተዋረደ ይባላል። አስጎብኚው የአካባቢውን ታሪክ ከፋሲለደስ እስከ ቋራው ካሳ ሲተርክ የሚውለው በዚሁ እንግሊዝኛ ነው፣ አንተ በየትኛው ቋንቋህ ይህን አደረግህ ብላ አፋጠጠችው። አልመለሰም። እኔ በዚህ የእሷ ደጋፊ ነኝ፣ ምንም እንኳ አነጋገሯ ከጥፊ ባይተናነስም።

አስጎብኚው ራሱ ግን ከሁሉም ይልቅ የተረጋጋ ነበር። በመልስ 19 እንግዶቹ የሳቁት በክፋት እንዳልሆነ ጻፈ። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ ሌሊቱን ሙሉ እስክስታ ወረደች። ሲለያዩ የሰጡት ጉርሻም ደህና ነበር።

ጉርሻው የተባለው ደግሞ መልስ 20ን ነካው። ባህላችን ለቱሪስት መሸቀጫ ሆነ፣ አዝማሪ ወኔ የሚቀሰቅስ እንጂ ለፈረንጅ የሚያጫውት አልነበረም አለ። መልስ 21 አረመው። እናቱ ከቡርቧክስ መንደር ናቸው፣ ከአዝማሪዎች ጋር ነው ያደገው። አዝማሪ ሥራው ብዙ ነው አለ፤ ያሞግሳል፣ ይሳደባል፣ በሰምና ወርቅ ይወጋል። የበላበትን ቤት ጌታ ሳይቀር ይነካል። ወኔ መቀስቀስ የብቻው ሥራ አይደለም። ሽለላና ቀረርቶ አለ፣ ፉከራ አለ፣ ያን የሚያደርገው ደግሞ ዘራፍ ብሎ የሚነሳ ማንም ወንድ ነው። አዝማሪው በመሰንቆው ያጅበዋል፣ ስሙን እየጠራ ያሞቀዋል። እንግዳ መጣ ብሎ መዝፈንም ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም፣ አዝማሪ ሁልጊዜም ሰው ካለበት ነው የሚዘፍነው። መልስ 20 ይህን ተቀበለ ማለት አይቻልም፤ ዝም አለ ማለት ነው የሚሻለው።

ፉከራ ከተነሳ ዘንድ አንድ የሕግ ባለሙያ በመልስ 22 ገባ። ለፉከራ ኢንሳይት የሚለውን ቃል እንዳትጠቀሙ ብሎ አስጠነቀቀ። አንዳንድ ሰው ወኔ ቀሰቀሰ ለማለት ሲጽፈው አይቷል። ኢንሳይት ስሜት አስነስቶ አይቆምም፣ ሰውን ወደ ድርጊት ይገፋል፣ ድርጊቱም አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ነው፤ ሁከት፣ ጥላቻ፣ አመጽ። በእኛ ሕግ አማርኛው ማነሳሳት ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 36 ሌላው ሰው ወንጀል እንዲያደርግ በማግባባት፣ በተስፋ፣ በገንዘብ፣ በስጦታ፣ በማስፈራራት ወይም በሌላ መንገድ የሚያነሳሳውን ይመለከታል። ቅጣቱ የሚመጣው ወንጀሉ ቢያንስ ሲሞከር ነው። ሠርግ ላይ ዘራፍ ያለ አጎትህን ኢንሳይት አደረገ ብለህ በእንግሊዝኛ ከጻፍክ፣ ክስ እየመሠረትክበት ነው አለ። ከዚህ በታች ሁለት ሰዎች ዛሬ ሶሻል ሚዲያ ላይ ማን ማንን እያነሳሳ እንደሆነ ስም እየጠሩ ጀመሩ። አወያዩ መልሶቻቸውን አነሳ። ቁጥራቸው ብቻ ቀርቷል፣ 23 እና 24።

መልስ 25 ውጥረቱን አረገበው። አንድ ድርጅት ውስጥ ሪፖርት ጸሐፊ ነው። አንድ ባልደረባው ሥልጠናው ለተሳታፊዎች ጥልቅ ግንዛቤ ሰጠ ለማለት ፈልጎ፣ ግንዛቤም በእንግሊዝኛ ኢንሳይት ስለሚባል፣ ሁለቱ ቃላት ለጆሮው አንድ ሆነውበት የአመጹን ኢንሳይት ጻፈ። ሪፖርቱ እስከ ለጋሹ ድረስ ሄደ። ሥልጠናው ስለ ንብ እርባታ ነበር።

መልስ 26 ዲያቆን ነኝ ብሎ ጀመረ። ክሩ ላይ እስካሁን ያልተጠራ አንድ ግስ አለ አለ፤ ኢንሴንስ። ስም ሲሆን እጣን ነው፣ ግስ ሲሆን ክፉኛ ማናደድ። መነሻው ማቃጠል የሚል የላቲን ቃል ነው፣ ሁለቱም ከእሳት ወጡ። ድምፁ ግን ይለያል፤ እጣኑ መጀመሪያው ላይ ይጎላል፣ ንዴቱ መጨረሻው ላይ። የኛም ተናደደ ከነደደ የወጣ ነው ብሎ ተደሰተ። ኢንሴንስ ተራ ንዴት እንዳልሆነ መምህርቷ በመልስ 27 አከለች። መብቱ የተነካበት፣ ግፍ ያየ ሰው ንዴት ነው። ሻይ ቀዘቀዘብኝ ተብሎ ኢንሴንስድ አይኮንም። በዚያው ፕሮቮክንም ነካችው። ይህኛው ሰው ፊቱ ሲቆም ወደ መኝታ ቤት አይሄድም፣ ወደ ጠብ ነው የሚሄደው፤ ውሻም ሰውም ይነካካል። ሐሳብ ፊቱ ሲቆም ግን ሙገሳ ይሆናል፣ ሐሳብ የሚያጭር ጽሑፍ እንደምንለው።

መልስ 28 አስጎብኚው ራሱ ነው። ለሚቀጥለው ቡድን የሚለውን አዘጋጅቶ አቀረበ። አዝማሪው ስማችሁን ጠይቆ በስማችሁ ግጥም ይገጥማል፣ አንዳንዱ ይነካችኋል፣ አትቀየሙ፤ ዘፈኑ ራውዚንግ ነው፣ እግራችሁ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ውጭ አገር የኖረው ሰው በመልስ 29 አየውና አንድ ነገር ብቻ አስተካከለ። ይነካችኋል የሚለውን በእንግሊዝኛ ተች ብሎ እንዳይተረጉመው ነገረው። ተች በእጅ መንካት ነው፤ ቲዝ፣ ማለትም በቀልድ መነካካት፣ በል አለው። መምህርቷም እባክህ አለች። ከቃሉ አንጻር እዚህ ላይ ነገሩ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቅሪት ነው። መልስ 31 ብርሌ ስንት እንደገባ ጠየቀ። መልስ 32 በራይዝና በሬይዝ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው አለ። አወያዩ አዲስ ክር ክፈት ብሎ መለሰለት። ከፍቷል፤ እስካሁን የመለሰለት ያ መመረቂያ ጽሑፍ አራሚ ብቻ ነው፣ እሱም ገጽ ሙሉ።